ለቅሶ ያልተጠራለት ሰው፦ የዋልት ዲዝኒ የጓሮ ባቡርና የልጁ ሥራ

የካርቱን ፊልም ሠሪው ዋልት ዲዝኒ ያረፈው ዲሴምበር 15 ቀን 1966 ጠዋት፣ በርባንክ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከስቱዲዮው መንገድ ተሻግሮ ባለው ሆስፒታል ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 65 ዓመት ከሞላው ገና አሥር ቀኑ ነበር። በማግስቱ ግሌንዴል በሚገኘው ፎረስት ላውን መካነ መቃብር፣ በአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት፣ ቤተሰቡ ብቻ ተሰብስቦ ተሰናበተው። ለጋዜጠኛም ለስቱዲዮው ሠራተኛም ሰዓቱና ቦታው አልተነገረም። ዓለም ገና ሞቱን እየሰማ ሳለ ሥርዓቱ አልቆ ነበር።

ለእኛ ነገሩ ግር ይላል። ድንኳን አልተጣለ፣ ጥሩንባ አልተነፋ፣ የሕይወት ታሪክ አልተነበበ። በእርግጥ እኛ ዘንድ በቀብር ላይ የሚነበበው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከሰው ሰው አይለይም። ሟች ሁልጊዜ ቤተሰቡን የሚወድ፣ በሥራው የተመሰገነ፣ ሰው አክባሪ ነው። ቢሆንም ሰው በጆሮው ሰምቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ እርሙን አውጥቶ ይመለሳል። የዲዝኒ ቤተሰብ ይህንን ለሕዝቡ አልሰጠም። ዋልት ራሱ ቀብር የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ ቤተሰቡም ሐዘኑን ለብቻው የማዘን መብት አለው። የተከተለው ጣጣ ግን ቀላል አልሆነም።

ብዙ ሳይቆይ ወሬ ተነሣ። ዋልት ዲዝኒ አልተቀበረም፣ ሬሳው በረዶ ቤት ተቀምጧል፣ ሳይንስ ሲራቀቅ ሊያስነሡት ነው ተባለ። ለወሬው አመቺ አጋጣሚም ነበረ። ጄምስ ቤድፎርድ የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ጃንዋሪ 12 ቀን 1967፣ ከዲዝኒ ሞት አራት ሳምንት በኋላ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ሲሞት ለወደፊቱ ትንሣኤ በሚል ተስፋ ሬሳው እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። በዚህ መንገድ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሁለቱን ዜናዎች ማምታታት ቀላል ነበር። እውነቱ የዋልት አስከሬን ዲሴምበር 17 ቀን መቃጠሉና አመዱ እዚያው ፎረስት ላውን ማረፉ ነው። ሰነድ ያለው ነገር ነው፤ ግን ያላዩትን ቀብር በሰነድ ማሳመን ከባድ ነው።

የዚህ ጥናት ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቤተሰቡን አባት ኩባንያው የንግድ ምልክት አደረገው፣ ወሬ ደግሞ ተረት አደረገው። ልጁ ዳያን ሰውዬውን ከሁለቱም ለማስመለስ ዕድሜዋን ስትደክም፣ ከፊልሞቹ በበለጠ የጠቀሟት አባቷ ገንዘብ ላገኝበት ብሎ ያልሠራቸው ዕቃዎች ሆነው ተገኙ። ከእነሱ ዋነኛው ጓሮው ውስጥ የሠራት ባቡር ናት።

ጋዜጣ አዟሪው

ሥራውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ልጅነቱን ባጭሩ ልለፍ። በ1901 ቺካጎ ተወለደ፤ አራት ዓመቱ ላይ ቤተሰቡ ማርሰሊን ወደምትባል የሚዙሪ ትንሽ ከተማ ሄዶ እርሻ ገዛ። በከተማዋ የሳንታ ፌ ባቡር ያልፋል፤ ማይክ ማርቲን የሚባለው የዘመድ አጎት የዚያ መስመር ባቡር ነጂ ነበር። እርሻው አልሆነላቸውም፤ ተሸጠ። ካንሳስ ሲቲ ገቡና አባትዬው ጋዜጣ የማደል ሥራ ያዘ። የሚያዞሩት ግን ልጆቹ ሮይና ዋልት ነበሩ፤ ሌሊት ተነሥተው፣ በረዶ ሳይሉ ዝናብ ሳይሉ። ዋልት ካደገ በኋላ እንኳ አንድ ቤት ሳያደርስ የቀረ እየመሰለው በሕልሙ ይባንን ነበር። በ1917 ክረምት ባቡር ላይ ጋዜጣ፣ ፍራፍሬ፣ ከረሜላና ለስላሳ ሲሸጥ ከረመ። ትርፉን ራሱ ይበላው ነበር መሰል፣ በገንዘብ አልተሳካለትም፤ ነጂዎቹ አጠገብ የመቆም ዕድል ግን አግኝቷል።

በ1923 ሆሊውድ መጥቶ ከወንድሙ ከሮይ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ። ካርቱኖቹን ቀለም ከሚያስገቡት ሴቶች አንዷን ሊሊያን ባውንድስን ጁላይ 13 ቀን 1925 አገባ። በ1928 ኦስዋልድ የሚባለውን የጥንቸል ገጸ ባሕርይ በውል ምክንያት ተነጠቀ፤ ባለቤትነቱ የእሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የፈጠረውን ነገር ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። በምትኩ አይጥ ሣሉ፤ እሱ ሞርቲመር ሊላት ሲል ሊሊያን ስሙ አልጣማትም፣ ሚኪ ተባለ። የቀረው የሚታወቅ ነው።

ያን ያህል የማይታወቀው ሥራው ሁለት ጊዜ እንደጣለው ነው። በ1931 አእምሮውም ጉልበቱም ዛለ፤ ስልክ ላይ እያወራ እንባ ይቀድመው ጀመር። ሐኪም ከሥራ ውጪ የሚወደው ነገር እንዲፈልግ መከረው፤ እሱም ፈረስ ላይ ሆኖ ፖሎ መጫወት ያዘ። አንድ ጨዋታ ላይ አንገቱ ተጎዳ፤ ሕመሙ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። በቤቱ ደግሞ ልጅ ከተጨነገፈባቸው በኋላ ዳያን በ1933 ተወለደች፤ ሻሮንን በጉዲፈቻ አሳደጉ። በ1938 ሁለቱ ወንድማማቾች ለወላጆቻቸው ቤት ገዙ፤ የማሞቂያው ጋዝ ሾልኮ እናታቸውን ገደላት። ማሞቂያው ተበላሽቷል ብላ ነግራቸው ነበር፤ ጠጋኞችም ተልከው ነበር። ዋልት ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ለመናገር ፈጽሞ አይወድም ነበር።

ሁለተኛው ድካም ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። በ1941 ሠራተኞቹ የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር። እሱ እንደ ቤተሰብ አያቸው ነበርና እንደ ክህደት ቆጠረው። እነሱ ደግሞ በክፍያው አድልዎና በአለቅነቱ ተማረው ነበር፤ እውነት ነበራቸው። በ1947 ኮንግሬስ ፊት ቀርቦ የአድማውን መሪዎች በኮሙኒስትነት ሲከስስ ያ ቂም ገና ትኩስ እንደነበር ያሳያል። ስቱዲዮው ለባንክ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሟል። ፊልሞቹ እንደ ድሮው አይደሉም። እሱ ማምሻውን ወደ ስቱዲዮው ነርስ ወደ ሄዘል ጆርጅ ክፍል ይሄዳል፤ አንገቱን እያሸችለት ይጨዋወታሉ።

ጓሮው

በ1947 መጨረሻ ላይ ለራሱ የኤሌክትሪክ መጫወቻ ባቡር ገዛ፤ ለእህቱም ዕድሜ ልኬን ስመኘው የነበረ ነገር ብሎ ጻፈላት። 46 ዓመቱ ነው። ከቢሮው አጠገብ ባለ ክፍል ዘርግቶ ይጫወትበታል። ከሠዓሊዎቹ ሁለቱ በዚህ በሽታ ከእሱ ቀድመው ተለክፈዋል። ዋርድ ኪምቦል ሳን ጋብርኤል ጓሮው ውስጥ እውነተኛ፣ ሙሉ ቁመት ያለው አሮጌ ባቡር ነበረው። ኦሊ ጆንስተን ደግሞ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ይሠራ ነበር።

ነርሷ ሄዘል ቺካጎ የባቡር ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፣ ለምን አትሄድም ብላ የመከረችው በ1948 ነው። ኪምቦልን ይዞ በሳንታ ፌ ባቡር ሄደ። ባቡር ሲነዱ፣ የድሮ ባቡሮች በመድረክ ላይ ሲቀርቡ ሲያዩ ሰነበቱ። ሲመለሱ ዲርቦርን ጎራ ብለው ሄንሪ ፎርድ የሰበሰበውን የጥንት መንደር ጎበኙ። ኦገስት 31 ቀን፣ ቢሮው እንደገባ ማለት ይቻላል፣ ስለ አንድ መናፈሻ ማስታወሻ ጻፈ፦ ባቡር ጣቢያ ይኖራል፣ የከተማ አዳራሽ ይኖራል፣ እናቶችና አያቶች የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር ይኖራል። ኋላ ዲዝኒላንድ የተባለው መናፈሻ ገና ይህ ስም አልነበረውም።

በዚያው ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ካሮልዉድ በሚባል መንገድ ላይ ቤት ሊሠራ መሬት ገዛ። ቦታውን የመረጠው ሐዲድ ለመዘርጋት እንዲመቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሊሊያን ግን የአበባ ሰው ናት፤ ጓሮዋ ላይ ባቡር ሊያልፍባት አትፈልግም። ዋልት የስቱዲዮውን የሕግ ሰዎች ውል አስረቀቃቸው። ባልየው በአንድ ወገን፣ ሚስትና ልጆች በሌላ ወገን ሆነው፣ እውነተኛ የባቡር ድርጅት መሬት አቋርጦ ለማለፍ እንደሚዋዋለው ያለ የመተላለፊያ መብት ውል ነው። ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ የሕግ ቋንቋ ያለው ቀልድ ነው። እኔ የዚህን ሰው ትዳር በተመለከተ ከተጻፈው ሁሉ የምመርጠው ይህን ወረቀት ነው። ሰውዬው አገር የሚያንቀጠቅጥ አለቃ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን አትክልት ቦታ ለማቋረጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

ፈቃዱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ባቡሩ የሊሊያንን አበባ ሳይነካ እንዲያልፍ 27 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ዋሻ ከአትክልቱ ሥር ተቆፈረ። ዋልት ደግሞ ዋሻው ቀጥ እንዳይል፣ ተጠማዞ መውጫው ከመግቢያው እንዳይታይ አዘዘ፤ የገባው ሰው ጨለማ ውስጥ መውጫውን መጠበቅ አለበት። ቀጥ ቢል ይረክሳል ሲሉት፣ ጭራሽ ባንሠራው ደግሞ ከሁሉ ይረክሳል አለ ይባላል፤ ለጸሐፊውም ወጪው ስንት እንደደረሰ እንዳትነግረው አሳሰባት። ከባንክ ጋር ሲከራከር የሚውል ነጋዴ ነው ይህን የሚለው።

ሐዲዱ በጠቅላላው 2,615 ጫማ፣ ወደ 800 ሜትር ገደማ ነበር። 14 ሜትር የሚሆን የእንጨት ድልድይም አለው። ባቡሯ ሴንትራል ፓሲፊክ የሚባለው የባቡር ድርጅት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለ 173 ቁጥር ባቡር አንድ ስምንተኛ ናት። የምትሠራው በእውነተኛ እንፋሎት ነው፤ ከሰል ይጨመርባታል፣ ታፏጫለች። ነጂው ከኋላዋ ባለው የከሰል ፉርጎ ላይ ይቀመጣል፣ እንግዶቹ ከእሱ ኋላ ፉርጎዎቹ ላይ እንደ ፈረስ ይፈናጠጣሉ። ስሟን ሊሊ ቤል አላት፣ በሚስቱ ስም።

እሱ ግን ገንዘብ ከፍሎ አሠርቶ አልወሰደም። የስቱዲዮው ወርክሾፕ ኃላፊ ሮጀር ብሮጊ የሥራ ጠረጴዛ ሰጠውና ማታ ማታ እየመጣ ከሀ ጀምሮ ተማረ። ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ፣ ላሜራ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ መበየድ። ከባቡሯ ክፍሎች ጥቂቱን በእጁ ሠራ። የመጨረሻውን የሠራተኞች ፉርጎ ግን ሙሉ በሙሉ የሠራው ራሱ ነው። እዚያ ፉርጎ ውስጥ የምትቀመጥ ሆዷ የተነፋ የብረት ምድጃ አለች፤ ቁመቷ ከጣት ብዙ አይበልጥም። በሯ ይከፈታል፣ የአመድ ወንፊቷ ይንቀሳቀሳል። ማንም ጎንበስ ብሎ ካላየ በቀር አትታይም። እሱ ግን ወደዳትና ሌሎች ደጋግሞ ሠራ፤ አንዷን ነሐስ፣ አንዷን ጥቁር፣ ሌላዋን ወርቃማ አደረገ፣ ከዚያም አበባና ሐረግ እየሣለ ለወዳጅ ሰጠ። ጥቂቶቹ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብተው ተሸጠዋል። ነጋዴነቱ እዚህም ጨርሶ አልተወውም።

ባቡሯ በ1949 የገና ዋዜማ ስቱዲዮ ውስጥ ተሞከረች፤ በሜይ 1950 ጓሮው ላይ ወጣች። የሐዲዱን መቀያየሪያ የሚቆጣጠረው ማርሰሊን ከነበረው የልጅነቱ የእርሻ ጎተራ ጋር አምሳያ አድርጎ በሠራው ቀይ የእንጨት ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ይመጣል፤ ዋልት የነጂ ኮፍያውን አድርጎ ልጆቹን ያዞራል፣ ሲያበቃ ቤት አስገብቶ አይስክሬም በለስላሳ ራሱ ይቀላቅልላቸዋል። የገዛ ልጆቹ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን እየደረሱ ነው፤ የባቡር ዕድሜያቸው አልፏል። ይህ ዓይነቱ ነገር በአባቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ ገንዘቡና ጊዜው ሲገኝ ልጆቹ አድገው ይጠብቃሉ።

ደግነቱ እሱ ቀድሞም አልጠፋባቸውም። ሴቶቹ ትንንሽ ሳሉ ቅዳሜ የአባት ቀን ነበረች። ግሪፊዝ ፓርክ ወስዶ ልጆች የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚዞሩበት መጫወቻ ያስገባቸውና እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃል። ወላጅ የሚጠብቅበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ለየብቻ መሆኑ ያናደደው እዚያ ተቀምጦ ነው፤ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ለምን አይኖርም የሚለውን ሐሳብ ከዚያ ወንበር እንዳመጣው ኋላ ላይ ራሱ ተናግሯል።

በ1953 ጸደይ አንድ እንግዳ ባቡሯን ሲነዳ ኩርባው ላይ ፈጠነና ገለበጣት። ፊሽካዋ ተሰብሮ የወጣው እንፋሎት የአምስት ዓመት ልጅ እግር አቃጠለ። ዋልት ባቡሯን ስቱዲዮ አስገብቶ ቆለፈባት። ያን ያህል የለፋባት፣ ሦስት ዓመት ብቻ የነዳት ነገር በአንድ ቀን አበቃ፤ ጓሮው ላይ ተመልሳ አልወጣችም።

የቤተሰቡ ባቡር

ባቡሯ ስትቆለፍ ሐሳቡ አልተቆለፈም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1952 መጨረሻ፣ ከስቱዲዮው የተለየ የራሱን ትንሽ ድርጅት አቋቁሟል። ስቱዲዮው ባለ አክሲዮን አለው፣ ሮይ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለመናፈሻ የሚሆን ብር በቀላሉ አይለቁም። ዋልት በሕይወት መድኑ ላይ ተበደረ፤ ፓልም ስፕሪንግስ ያለውን የእረፍት ቤት ሸጠ። ኋላ ላይ ኤቢሲ ቴሌቪዥን 500,000 ዶላር አዋጥቶ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነለት፤ በምላሹ ከመናፈሻው ሲሶ የሚያህል ድርሻና ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወሰደ። አናሃይም ውስጥ ብርቱካን የተተከለበት 160 ኤከር ተገዛ። ግንባታው በ1954 ተጀምሮ ጁላይ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። 17 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ።

መናፈሻውን የሚዞረው የእንፋሎት ባቡር የሊሊ ቤል ታላቅ እህት ነው፤ ንድፉን ብሮጊና ሰዎቹ ከእሷ አስፍተው ሠሩት። ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ነገር ደግሞ ያ ባቡር የዲዝኒ ኩባንያ አልነበረም። ንብረትነቱ የቤተሰቡ ድርጅት ነበር፤ የነጂዎቹንና የቲኬት ቆራጮቹን ደመወዝ የሚከፍለው፣ ገቢውን የሚሰበስበው ቤተሰቡ ነው። ድርጅቱ በኋላ ሬትሎ ተባለ፤ ዋልተር የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። ኩባንያው ባቡሩን ከቤተሰቡ የገዛው በ1982፣ ዋልት ከሞተ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1928 ጥንቸሉን የተነጠቀው ሰው ለልጆቹ የሚተርፍ ነገር እንዴት እንደሚቀመጥ ተምሯል።

ከመክፈቻው አራት ቀን በፊት 30ኛ የጋብቻ በዓላቸውን እዚያው መናፈሻ ውስጥ አከበሩ። ግንባታው አላለቀም፤ ማርክ ትዌይን የምትባለው መርከብ ወለሏ በአቧራና በፍቅፋቂ ተሞልቷል። እንግዳ ሊገባ ሲል ሊሊያን መጥረጊያ አነሣችና መጥረግ ጀመረች። ሀብታም የቤት እመቤት ናት፣ ሠራተኛ ሞልቷል፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቆሻሻ ማየት ግን አልቻለችም። የኔ እናት እዚያ ብትኖር መጥረጊያውን ትቀማት ነበር።

ከመናፈሻው መግቢያ አጠገብ ካለው የእሳት አደጋ ጣቢያ ፎቅ ላይ ቤተሰቡ ትንሽ መኖሪያ ነበረው፤ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ዋልት ከዚያ ወርዶ ግቢውን ይዞራል። ዳያን አግብታ ልጅ በልጅ ሆናለች፤ የልጅ ልጆቹን ባቡሩ ላይ ያሳፍራል። ሲጋራ ግን አልተወም፤ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት ይሰማ ነበር። በ1966 መኸር ለዚያ ለፖሎው አንገት ሕመም ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሲመረመር ሳንባው ላይ ዕጢ ተገኘ። የግራ ሳንባውን አወጡት፤ ከወር በላይ ብዙም አልቆየም። ሮይ እንደተናገረው፣ በመጨረሻዋ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የጣሪያውን ሰሌዳዎች እንደ ካርታ እየቆጠረ ፍሎሪዳ ላይ ያቀደውን የሁለተኛ መናፈሻ ሥራ ያስረዳው ነበር።

ዳያን

ሮይ ጡረታ ሊወጣ የነበረውን ትቶ የፍሎሪዳውን መናፈሻ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ከፈተ፤ ስሙ ዲዝኒ ወርልድ ብቻ ሳይሆን የወንድሜ ሙሉ ስም ይሁን ብሎ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አሰኘው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞተ። እዚያ ከሚሠሩት አራት ባቡሮች አንዱ በዋልት፣ አንዱ በሮይ፣ አንዱ በብሮጊ፣ አንዷ በሊሊ ቤል ስም ይጠራሉ። ይህ የወንድም ለቅሶ ነው፤ ጥሩ ለቅሶ ነው። ግን ኩባንያው እያደገ ሲሄድ ዋልት የሚለው ስም ከሰው ይልቅ የሸቀጥ ማህተም እየሆነ ሄደ። በሌላ በኩል ወሬው ቀጠለ። የዳያን ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ አያትህ በረዶ ውስጥ ነው ይባሉ ነበር። አባቷን በማታውቀው መልክ የሚሥሉ መጻሕፍትም ወጡ። እሷ ስትመልስ ወሬው ቀድሟት ይገኛል።

ሊሊያን በ1987 ለሎስ አንጀለስ የሙዚቃ አዳራሽ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች። በባሏ ስም የተሰየመው አዳራሽ በ2003 ሲከፈት እሷ አልነበረችም፤ ዲሴምበር 16 ቀን 1997 አርፋለች። የዋልት ቀብር የተፈጸመበት ቀን ነው። ሻሮን ከእናቷ ቀድማ በ1993 ሞታለች። ቤቱን የሚያስታውስ ሰው ዳያን ብቻ ቀረች።

የካሮልዉዱ ቤት ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤት ሊያፈርሰው ነው። እዚህ ላይ ዳያን የወሰነችው ውሳኔ የዚህ ጉዳይ መታጠፊያ ይመስለኛል። ሳሎኑን፣ ምንጣፉን፣ የፊልም ማሳያ ክፍሉን አላዳነችም። ያዳነችው ቀዩን ጎተራ ነው። ተነቅሎ ግሪፊዝ ፓርክ ተወስዶ ተተከለ፤ ባለ ባቡሮቹ የትርፍ ጊዜ ወዳጆች ተረከቡትና በ1999 ለሕዝብ ተከፈተ። የአባቷን ቤት ለማሳየት ሳይሆን ቅዳሜ ምን ያደርግ እንደነበር ለማሳየት ነው የፈለገችው።

ከዚያ ትልቁ ሥራ መጣ። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፕሬሲዲዮ በሚባለው የቀድሞ ጦር ሠፈር ውስጥ፣ አሮጌ የጡብ ካምፕ አሳድሳ ኦክቶበር 1 ቀን 2009 የዋልት ዲዝኒ የቤተሰብ ሙዚየምን ከፈተች። ቤተሰብ የሚለው ቃል እዚያ የገባው ሆን ተብሎ ነው፤ ሙዚየሙ የኩባንያው አይደለም፣ የቤተሰቡ ፋውንዴሽን ነው። ገብቶ የሚያይ ሰው በጆሮው የሚሰማው ተራኪ በአብዛኛው ዋልት ራሱ ነው፤ በ1956 ከጋዜጠኛ ጋር ሲያወራ የተቀዳ ድምፁን ተጠቅመዋል። የቤት ውስጥ ፊልሞች አሉ። የኦስካር ሽልማቶቹ አሉ። ሊሊ ቤል ፉርጎዎቿን አስከትላ ቆማለች። ከግሪፊዝ ፓርኩ መጫወቻ የመጣ አግዳሚ ወንበርም አለ።

ልጅ አባቷን ስታስታውስ ማድላቷ አይቀርም፤ ሙዚየሙም የፍቅር ሥራ ነው። በዚህ የሚነቅፉት አሉ፣ ነቀፌታው መሠረት አለው። ነገር ግን የ1941ዱን አድማ አልደበቁትም፤ ራሱን የቻለ ቦታ ይዞ የአድማ መቺዎቹ ሰሌዳና ፎቶ ቀርቧል። እኛ አገር በአባታቸው የተማረሩ ሠራተኞችን ድምፅ በሙት ዓመቱ መጽሔት ላይ የሚያትሙ ልጆች ገና አላየሁም። ስለ በረዶው ወሬ ደግሞ ሙዚየሙ ክርክር አልገጠመም፤ የመጨረሻዎቹን ቀናት፣ ሕመሙን፣ ሞቱን፣ ከመላው ዓለም የመጣውን የሐዘን መግለጫ አንድ ክፍል ውስጥ ደረደረው። በ1966 ያልተነበበው የሕይወት ታሪክ ያኔ ተነበበ ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን ባቡሯ? ፊልሞቹን መቶዎች ሠርተዋቸዋል፤ የትኛው መስመር የዋልት እንደሆነ ማንም ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ ሠዓሊዎቹም በዚህ ሲያዝኑ ኖረዋል። መናፈሻውም እንደዚያው ነው። ያቺ ጣት የምታህል ምድጃ ግን የእሱ ናት። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም፣ ሳያደርጋት ቢቀር የሚጠይቀው አልነበረም። ስለ ሰውየው ጸባይ የሚከራከሩ ሁሉ ክፉም በሉት ደግ፣ ማታ ወርክሾፕ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የአመድ ወንፊት ሲሞርድ የነበረውን ሰው ሊክዱት አይችሉም። ዳያን ይህን የተረዳችው መጻሕፍቱን ለመመለስ ስትሞክር ከደከመች በኋላ ይመስለኛል። ኖቬምበር 2013 ሞተች፤ ሙዚየሙ ከተከፈተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወይም የምትሄዱ ጎተራውን ማየት ትችላላችሁ። ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ፣ በጎ ፈቃደኞች ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች ከሚነዱበት ግቢ ነው። የሚከፈተው በወሩ ሦስተኛ እሁድ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አጠገቡ ያለውን ባቡር ማሳፈር ትችላላችሁ፤ ትልቅ ሰውም ይሳፈራል።